ነገሌ ላይ የተከሰሰው ፊልም

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሜሮንና ጓደኞቿ ሳሎኔ ውስጥ ተሰብስበው የነፍሰ ገዳይ ፊልም ሲያዩ ዋሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ነጭ ሽንኩርት እልጥ ነበር። እልጥ ነበር ልበል እንጂ መቀመጥ የት አውቄ፤ አንዴ በር ላይ፣ አንዴ መስኮት ላይ፣ አንዴ ምድጃው ጋ ስል የፊልሙን ግማሽ ቆሜ አየሁት። ሲያልቅ አንዱ ልጅ ሶፋዬን በቡጢ ደልቆ ጊዜያችንን በላው አለ። አንዷ ደግሞ ይህን የሠራ ሰው መታሰር አለበት አለች። ሜሮን ስልኳን አወጣችና አንድ ኮከብ ሰጠሁት ብላ የሆነ ቦታ ጻፈች። በቃ፣ አለቀ፤ ተያይዘው ጁስ ሊጠጡ ወጡ። አንድ ኮከብ! እኛ በዚችው በነገሌ አንድ ፊልም ቢያበሽቀን በማግስቱ ሸንጎ ተቀምጠንበታል። ከሳሽ ነበረ፣ ተከሳሽ ነበረ፣ ፍርድም ተሰጥቷል። የእኔም ዕድል እዚያው ሸንጎ ላይ እንደተቆረጠ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼ አላውቅም። ለሜሮን ብጀምርላት "እማዬ ደግሞ ተነሳባት" ትለኛለች።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ድሮም ቁጥር ላይ ሰነፍ ነኝ። የጃንሆይ ዘመን ነው። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአስር ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ይህንን የማልረሳው ጠባሿ እኔ ስለነበርኩ ነው። አባቴ ሃምሳ አለቃ ገብሬ ከጦሩ በጡረታ ሲገለል አገሬ መንዝ አልመለስም፣ ብርዱን አልችለውም ብሎ ከጦር ሰፈሩ ዝቅ ብሎ፣ መኪና መቆሚያው አጠገብ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያላት ሻይ ቤት ከፈተ። እናቴ ገና ትንሽ ሳለሁ ነው የሞተችው፤ ስትሞት አባዬን ያስማለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ልጄን ሳትጠይቅ እንዳትድራት ብላ። እኔ ጅጅጋ ተወልጄ፣ ጥርሴን ጎባ ነቅዬ፣ ነገሌ ላይ ነው ለአካለ መጠን የደረስኩት። የወታደር ልጅ አባቱ በተቀየረ ቁጥር ዕቃ ሲጠቀለል ማየት ይለምዳል። አባዬ ጡረታ ወጥቶ ሲያርፍ እኔ ማረፍ አቃተኝ። እግሬን ይበላኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለመማር አገር ጥሎ መሄድ ያስፈልግ ነበር፣ አባዬ ደግሞ ብቻሽን አልልክሽም አለ። ስለዚህ ከሊጡና ከዘይቱ ጋር ቀረሁ።

ጠዋት ጠዋት ወደ ክብረ መንግሥት የሚሄዱት መኪናዎች ከእኛ በር ፊት ነበር የሚነሱት። ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሲጣራ፣ ሴቶቹ የናይለን ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው ሲሳፈሩ፣ ሻይ ቀጂ የተባልኩት ልጅ ማንቆርቆሪያውን ይዤ በር ላይ ቆሜ እቀራለሁ። አባዬ ሻዩ ቀዘቀዘ እያለ ይቆጣኛል። ከእኛ ትይዩ ልብስ ሰፊው ራዲዮኑን ሲንጀሩ ላይ አስቀምጦ የክራር ዘፈን በመጣ ቁጥር እግሩን ከመኪናው ፔዳል ላይ ያነሳል፤ በዘፈን ቀን የታዘዘ ልብስ አይደርስም ይባል ነበር። ወታደሮቹ ደመወዝ የተቀበሉ ዕለት ሸሚዛቸውን እንጨት እስኪመስል በስታርች አድርቀው፣ ጫማቸውን አብርተው ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ያኔ ቴትሮን ቀሚስ የለበሰች ልጅ ንግሥት ነበረች፤ እኔም አንዲት አረንጓዴ ነበረችኝ፣ ደረቷ ላይ ዘይት እንዳይነካት ሁለት ሽርጥ ደርቤ ነበር የምሠራው። አሁን እዚያ ጥግ ላይ ባጃጅ ተደርድሮ ይጮሃል፤ የልብስ ሰፊው ቤት ሞባይል መጠገኛ ሆኗል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ፍጥን ይላል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ፊልም አሳዪው ሰይፉ የሚመጣው በጋ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ይነሳና ይርጋለም፣ ሐገረ ማርያም፣ ክብረ መንግሥት ላይ ፊልም እያሳየ በአሮጌ ጭነት መኪና ነገሌ ይደርሳል። መኪናው ላይ የፊልም መሣሪያው፣ ጄኔሬተሩና የተጠቀለለ አቡጀዲ አለ። አቡጀዲውን ከገበያው በታች ባለው የቆዳ መጋዘን ግድግዳ ላይ ይወጥረዋል፤ እንግዲህ ነገሌ ላይ ፊልም ማየት ማለት የከብት ቆዳ እየሸተተህ የውጭ አገር ሴት በመኪና ስትሄድ ማየት ማለት ነው። ከፊት ወታደሩና መንግሥት ሠራተኛው አግዳሚ ላይ፣ ከመሀል ሚስቶቻቸው ከቤታቸው ባመጡት በርጩማ ላይ፣ ከኋላ ቦረናዎቹና ጉጂዎቹ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው። ሰይፉ ማይክራፎን ይዞ ፊልሙን በአማርኛ ይተርካል፤ ከኋላ ደግሞ አማርኛ የሚሰማው ለማይሰማው በኦሮምኛ እያሳለፈ ወሬው እንደ ውሃ ወደ ኋላ ይወርዳል። ሳቅ ራሱ ሁለት ጊዜ ነበር የሚሳቀው፣ መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከኋላ።

ሰይፉ ቀጭን ነው፣ ጠይም ነው፣ ጸጉሩን አጎፍሮ ሹል ጫማ ያደርጋል። ሽቶው ቀድሞት ሻይ ቤት ይገባል። አባዬ መጀመሪያ ይህ ነፋስ አመጣሽ ይለው ነበር። እየቆየ ግን ወደደው፤ ሰይፉ አባዬን ሃምሳ አለቃ እያለ ስለ ዘመቻው ይጠይቀዋላ፣ የጡረተኛ ልብ በዚህ ነው የምትከፈት። እኔማ ምኑን ልደብቃችሁ፣ ወድጄዋለሁ። እሱን ወደድኩት ወይስ መኪናውን ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያኔም መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ወስጄ ማታ ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ ሲለኝ ማታውን ሻንጣዬን አውጥቼ እጠርግ ነበር። ነገሌን ለቅቄ ለመውጣት ያለኝ መንገድ እሱ ብቻ ነበር፤ ይህንን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ አባዬም ያውቃል።

በዚያ በጋ ሰይፉ እንደ መጣ በድምፅ ማጉያ አገሩን አዳረሰው። ከተማው አልበቃው ብሎ ሊበን ድረስ፣ ከብት የሚያጠጡበት ኤላ የሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ ድረስ ሄዶ ለፈፈ። ተወዳዳሪ የሌለው የነፍሰ ገዳይ ፊልም መጥቷል፣ ገዳዩን ቀድሞ የሚያውቅ ጎበዝ ካለ ይታያል ይላል። ፖስተሩን ሻይ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ ባርኔጣ ያደረገች ሴት አፏን ከፍታ ትጮሃለች፣ ከኋላዋ ሽጉጥ የያዘ እጅ ብቻ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሻይ እየጠጣ በዚያ እጅ ላይ ሲከራከር ከረመ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ፣ የአንድ አስር አለቃ ሚስት፣ ምላሷ የሰላ፣ ይህ የባል እጅ ነው ብላ ገና ፊልሙ ሳይታይ ፈረደች።

ከመታየቱ በፊት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሰይፉ ጓዳ በር ላይ ቆሞ እኔ ስጠብስ ያወራኝ ነበር። አንቺ እስከ መጨረሻው አትድከሚ አለኝ። ይርጋለም ላይ ሲያሳየው እሱ ራሱ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ገዳዩ መጨረሻ ላይ ዱብ የሚል፣ ከዚያ በፊት በፊልሙ ውስጥ ጭራሽ የሌለ ሰው ነው። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ታዲያ ለምን ታሳያለህ ብለው፣ ያለኝ ፊልም እሱ ነው፣ ፖስተሩ ደግሞ ያምራል አለኝ። ይህን ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ ብሎ በጣቱ አፉን ያዘ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የፊታችን እሑድ ወደ አባቴ ሽማግሌ እንደሚልክ፣ ከዚያ በኋላ ጋቢና ውስጥ ሁለት ሆነን እንደምንሄድ ነገረኝ። ያን ቀን ቦምቦሊኖው ሁሉ አረረብኝ። ምስጢር የነገረኝ ሰው፣ የሚወስደኝ ሰው፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ፊልሙ የታየ ዕለት መጋዘኑ ግቢ ሰው አልያዘው አለ። ከሊበን እነ ኦቦ ጃተኒ መጥተው ነበር። ኦቦ ጃተኒ ረጅም፣ ነጭ ጥምጣም የሚያደርጉ፣ ቃላቸው ከዶሎ እስከ ክብረ መንግሥት የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። በጋ ነው እኮ፤ በበጋ የኤላ ተራ ማለት የከብት ነፍስ ማለት ነው። ሰይፉ ያን ያህል ቢጠራቸው ተራቸውን ለሌላ አስተላልፈው ነው የመጡት። ፊልሙ ተጀመረ። አንድ ሀብታም ሰው ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል፣ መርማሪው ካፖርት ለብሶ ሲጋራ እያጨሰ ቤቱን ይዞራል። ይዞራል ነው የምላችሁ! ደረጃ ይወጣል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ መስኮት ከፍቶ ዝናብ ያያል። ከፊት የትምህርት ቤቱ መምህር ገዳዩ ሾፌሩ ነው ሲል፣ ወታደሮቹ የወንድሙ ልጅ ነው ሲሉ፣ እትዬ ጥሩነሽ ባልየው ሟች ሆኖ ስላገኘችው ተናዳ አሁን ሚስትየዋን ያዘች። ከኋላ ቦረናዎቹ በዝምታ ያያሉ። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ እየጣመኝም እየጨነቀኝም በርጩማዬ ላይ እቁነጠነጣለሁ።

መጨረሻ ላይ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ በር ከፍቶ ገባ። ሰይፉ በማይክራፎን ገዳዩ ይህ ነው አለ። ሰውዬው ሮጠ፣ ከድልድይ ወደቀ፣ ሙዚቃ ተመታ፣ አለቀ። ከዚያ ከፊት አንዱ ይሄ ማነው አለ። ሌላውም ይሄ ማነው አለ። ወሬው ወደ ኋላ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ሆኖ ተመለሰ፤ ጎሳው ምንድነው፣ የማን ልጅ ነው፣ ከየት መጣ ይላሉ። በዚህ አገር እንኳን ነፍስ ያጠፋ ሰው ውሃ የለመነ መንገደኛም የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ሰይፉ እኔም አላውቅም፣ ፊልሙ አይናገርም ቢል ግቢው ተገለባበጠ። መምህሩ ይህ የድርሰትን ሕግ የጣሰ ነው እያለ ይጮሃል፣ ወታደሮቹ አቡጀዲውን ካልቀደድን አሉ፣ እትዬ ጥሩነሽ በርጩማዋን አንስታ መሣሪያው ላይ ልትወረውር ስትል ባሏ እጇን ያዘ። ያኔ ኦቦ ጃተኒ ዱላቸውን ብድግ አድርገው ወደ ፊት መጡና ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። ነገር ተከፍቶ እንዲህ አይተውም አሉ። ነገ ጠዋት ከከብት ገበያው ማዶ፣ ግራሩ ስር፣ ኮራ እንቀመጣለን አሉ። ኮራ ማለት ሸንጓቸው ነው።

ጠዋት ስንሄድ ፊልሙን ያላየው ሁሉ መጥቷል። ሻይ ቤቱን ዘግተን ነው የሄድነው፣ አባዬ ይህን የመሰለ ነገር በዘመቻም አላየሁ እያለ። ኦቦ ጃተኒ ስለ ሰላም መርቀው ጀመሩ፤ ሰው ናጋ፣ ከብት ናጋ፣ ዝናብ ናጋ። ከዚያ ፊልሙ ተመረመረ። ሰይፉ መሀል ላይ ተቀምጦ በፊልሙ ስም ይመልሳል። የሟቹ ወንድሞች የት ነበሩ ተባለ። አልታዩም አለ። ከብቱን ማን ወረሰ ተባለ። ከብት አልነበረውም፣ ፋብሪካ ነው ያለው ሲል ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መርማሪው ለምን ሲጋራ ብቻ ያጨሳል፣ ለምን ጎረቤት አልጠየቀም ተባለ። አንዱ ሽማግሌ ነፍሰ ገዳዩ ከድልድይ ወድቆ ሲሞት ካሣውን ማን ሊከፍል ነው ብሎ በጣም አዘነ። መምህሩም ተነስቶ የድርሰቱን ሕግ በኦሮምኛ ተርጉሙልኝ አለና ተረጎሙለት፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቅንቀው ትክክል ነው አሉት፣ ደስ ብሎት ተቀመጠ። በሕይወቴ ከዚያ ወዲያ ፊልም እንደዚያ በቁም ነገር ሲታይ አላጋጠመኝም። የተሳቀውንም ያህል ተስቋል፣ ግን ማንም አልቀለደም።

ኋላ ላይ ኦቦ ጃተኒ የፊልሙ ጥፋት የሠሪዎቹ ነው፣ እነሱ ደግሞ እዚህ የሉም አሉ። የቀረው የዚህ ልጅ ነገር ነው። ይህ ልጅ ሰው ከኤላ ላይ ጠርቷል፤ ገዳዩን ያወቀ ይምጣ ብሏል። ገዳዩ የማይታወቅ መሆኑን እያወቀ ከጠራ ሕዝብን በሐሰት ጠርቷል። ሳያውቅ ከጠራ እሱም እንደኛ የተታለለ ነው፣ ጥፋት የለበትም። ከዚያ ወደ ሰይፉ ዞረው በአማርኛ፣ ረጋ ብለው ጠየቁት፤ "ይህን ፊልም ከዚህ በፊት አይተኸዋል?"

ሰይፉ አላየሁም አለ። አዲስ አበባ የሰጡኝ ሰዎች አታለሉኝ፣ እኔም እንደናንተ ትናንት ነው ያየሁት አለ።

"ዱጋ?" አሉት ኦቦ ጃተኒ። እውነት ወይ ማለታቸው ነው።

"ዱጋ" አለ ሰይፉ።

ይህች ቃል እንደ ዋዛ የምትባል አይደለችም። ኮራ ፊት ዱጋ ብሎ የዋሸ ሰው ከታወቀበት በዚያ አገር ሰላምታ የሚመልስለት የለም፣ ውሃ ቢጠይቅ የሚያጠጣው የለም። ሰይፉ ለዓመታት በዚህ መንገድ ሲመላለስ ይህንን አጥቶት አይደለም። ፊቱን አየሁት፤ ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። ያን ረፋድ ጓዳ በር ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ ብሎ ያሳቀኝ ያው ፊት ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ሐሰት መሆኑን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን፣ እሱም ወደ እኔ አላየም።

ኦቦ ጃተኒ አመኑት። ልጁም ተታልሏል፣ ጥፋት የለበትም ተብሎ ተፈረደ፣ ሽማግሌዎቹ ተነስተው መረቁት። ወታደሮቹ ትከሻውን መቱት፣ እትዬ ጥሩነሽ እንኳ የኔ ምስኪን አለችው። ከሁሉ የባሰው አባዬ ነው። ሸንጎ ፊት አንገቱን ቀና አድርጎ መልስ የሰጠ፣ እንዲህ ነው ወንድ ልጅ እያለ እስከ ቤት ድረስ አወራልኝ። ነፋስ አመጣሽ ያለው ቀረና ልጄ ማለት ጀመረ። እኔ አፌን ይዤ ከኋላው እሄዳለሁ።

እስከ እሑድ ድረስ ያሳለፍኩት ጊዜ አሁንም ትዝ ሲለኝ ያቅበጠብጠኛል። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ባዶ እንስራ ይዤ እመለሳለሁ። ማታ ማታ አረንጓዴ ቀሚሴን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ፣ ጠዋት አወጣታለሁ። ምን አለበት እላለሁ ለራሴ፤ ስለ ፊልም ነው የዋሸው፣ ሰው አልሞተ፣ ከብት አልተሰረቀ። እናንተስ ስንቴ ዋሽታችኋል? ደግሞ ወዲያው ኦቦ ጃተኒ ዱጋ ሲሉት የነበረው ፊታቸው ይመጣብኛል፤ የሚያምን ሰው ፊት ነበር። ሰይፉ በእነዚያ ቀናት ሻይ ቤት ሲመጣ ሰው ይከበዋል፣ ከእኔ ጋር ብቻችንን አልተገናኘንም። ወይ እሱ ሸሸኝ፣ ወይ እኔ ሸሸሁት። አሁንም እዚህ ላይ ስደርስ ወንበር አልበቃ ይለኛል፣ ተነስቼ በረንዳ ላይ ዞር ዞር ብዬ ነው የምመለሰው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሰይፉ የላከው ማንን ቢሆን ጥሩ ነው? ኦቦ ጃተኒን ራሳቸውን፣ መምህሩንና አንድ የጦር ሰፈር ቄስ። ኦቦ ጃተኒ ልጁ ተበድሏል፣ እኔ እቆምለታለሁ ብለው ለምነው የመጡ ያህል ነበር። እንደ ደንቡ ቆመው ልጅህን ለልጃችን አሉ። አባዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፣ ነገር ግን ለእናቷ የማልኩት መሐላ አለ፣ እሷን ሳልጠይቅ አይሆንም አለ። ከጓዳ ጠራኝ። ሽርጤን አውልቄ ወጣሁ፣ በአረንጓዴ ቀሚሴ።

"የሺ፣ ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?" አለኝ።

አልፈልግም አልኩ። የገዛ ድምፄን ሰምቼ ደነገጥኩ። አባዬ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ፤ ለምን አለኝ። ሁሉም ያዩኛል። ምክንያቱን ብናገር ሰይፉ ያን ዕለት ያበቃለታል፤ የሊበን ሰው በሙሉ ፊቱን ያዞርበታል፣ ኦቦ ጃተኒም ሐሰተኛ አምነው ለሐሰተኛ ሽማግሌ ሆነው መምጣታቸው ይወራል። ያን ያህል ጠልቼው አልነበረም፤ ኧረ ጭራሽ አልጠላሁትም። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"ፊልሙ አልጣመኝም" አልኩ።

መምህሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ኦቦ ጃተኒ ግን ፈገግ ብለው፣ "ልጄ፣ ፊልሙንማ እኛ ይቅር ብለናል" አሉኝ።

"እናንተ ይቅር ብላችኋል፣ ኦቦ። እኔ አልቻልኩም።"

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ረጅም ጊዜ አዩኝ፣ እኔም መሬት መሬት አየሁ። የገባቸው ነገር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላ ጥያቄ ግን አልጠየቁኝም። ልጅቱ ተናግራለች ብለው ዱላቸውን አንስተው ወጡ። አባዬ ያን ቀን ምንም አልበላም፣ ከእኔም ጋር ለሳምንታት በደንብ አልተነጋገረም። ከተማው ደግሞ ስሜን አወጣልኝ። በፊልም ምክንያት ባል የመለሰች እየተባልኩ ቀረሁ፤ ባሌ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያገባኝ የመረጥኩት ፊልም ካልጣመሽ ትፈቺኛለሽ ወይ ብሎ ይቀልድብኝ ነበር። እስቃለሁ፣ ምን ላድርግ።

በማግስቱ ጠዋት ሰይፉ ሊሄድ መኪናውን አስነስቶ ከበራችን ፊት አቆመ። አባዬ ገበያ ወጥቷል። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ እንደ ልማዴ በር ላይ ነኝ። ሰይፉ ከመኪናው አልወረደም፣ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ጺሙን አልተላጨም፣ ሽቶም አልተቀባም።

"አልተናገርሽብኝም" አለ።

"አልተናገርኩም።"

"ያልኩት ላንቺ ብዬ ነው። አይቼዋለሁ ብል አባትሽ አንቺን ይሰጠኝ ነበር?"

"አይሰጥህም ነበር።"

"ታዲያ?"

"ለእኔ ብለህ ኦቦ ጃተኒን ዋሸሃቸው" አልኩት። "ነገ ደግሞ ለሌላ ብለህ እኔን ስትዋሸኝ በምን አውቃለሁ?"

ይከራከረኛል ብዬ ነበር። እንዲከራከረኝ እፈልግ ነበር፤ ቢከራከረኝ የምሸነፍ ይመስለኛል። እሱ ግን መሪውን ለቀቀ። ከዚያ ተጠመዘዘና የጋቢናውን በር በእኔ በኩል ከፈተው። "እንግዲያው እንዲሁ ተሳፈሪ" አለኝ። "ሽማግሌውም ይቅር፣ ሁሉም ይቅር። እዚያ ደርሰን እንጣላለን።"

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩት። አንድ እግሬን መወጣጫው ላይ አሳረፍኩ፣ እጄ በሩን ይዟል። መኪናው እየተንቀጠቀጠ ነው፣ እኔም አብሬው እንቀጠቀጣለሁ። ከፊታችን ያ ቀዩ መንገድ እስከ ክብረ መንግሥት፣ ከዚያም እስከ የት እስከ የት ድረስ ተዘርግቷል። በሕይወቴ ሙሉ የፈለግኩት ያቺን መወጣጫ ነበር። እግሬን ያወረድኩት ግን ራሴ ነኝ፤ የጎተተኝ የለም፣ የመከረኝ የለም። በሩን በእጄ መልሼ ዘጋሁለት።

ልክ ነበርኩ። ካገባሁም በኋላ፣ ልጆች ከወለድኩም በኋላ፣ ባሌን ከቀበርኩም በኋላ ልክ አልነበርኩም ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን መኪናው ሄዶ አቧራው መሬት እስኪያርፍ ድረስ፣ ደንበኛ ሻይ እያለ እስኪጣራ ድረስ፣ በር ላይ ቆሜ መታጠፊያውን አየሁ። ተመልሶ ቢመጣ ኖሮ እሳፈር ነበር።